በአልፋው አ የተጻፈችው አመት

ከመካነ ሰላም ተነስቼ በብስክሌት ያልደረስኩበት የቅርስ ቤት አለ የሚለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አቀስታ በብርዱ ወር ሄጃለሁ። ስደርስ ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ደርቀው ስለነበር ሻይ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ነው አንድ በአንድ ያላቀቀልኝ። ወግዲ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ወደ ኩታበር ስነሳ «አባባ፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ ይጫኑት» ያሉኝን እምቢ ብዬ በራሴ እግር ገብቻለሁ። ግማሹን መንገድ እየገፋሁት እንደሆነ አልክድም፤ ግን የገፋሁትም እኔው ነኝ።

ብስክሌቷ የቻይና ናት፣ አብራኝ አርጅታለች። ካቴናዋን ሦስት ጊዜ፣ ኮርቻዋን ሁለት ጊዜ ለውጫለሁ። የኋላ ፍሬኗን ጎማ ከአሮጌ የወፍጮ ቀበቶ ቆርጬ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ይህን ያየ አንድ የደሴ መካኒክ «ማን አስተማረህ?» ብሎኛል። ጥያቄውን ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ መልሴም ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ማንም።

ፊደልም ያስተማረኝ የለም። በልጅነቴ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ በየጆንያው ላይ የባለቤቱ ስም በከሰል ይጻፍ ነበር። ጆንያውን አያለሁ፣ ባለቤቱ ሲመጣ ስሙን እሰማለሁ፣ ስሙን ከፊደሉ ጋር አገጣጥማለሁ። እንዲህ እያልኩ የወረዳውን ገበሬ ሁሉ ስም ማንበብ ቻልኩ፤ ከዚያ ጋዜጣ፣ ከዚያ የሞተር መመሪያ። ግዕዝን ደግሞ በአንድ ወገን ግዕዝ በሌላው አማርኛ የታተመ የጸሎት መጽሐፍ ገዝቼ፣ ግራና ቀኙን እያስተያየሁ በሁለት ክረምት ተማርኩት። ተማርኩት ብዬ ነበር።

የወፍጮ ብናኝ ሳንባዬን ሲያስቸግረኝ ሥራውን ተውኩ። ሐኪሙ «ንጹሕ አየር ይውሰዱ» አለኝ። እኔ ደግሞ አየር ለመውሰድ ብቻ ከቤት የሚወጣ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ የድሮ ነገር ያለበትን ቦታ ሁሉ እየጠየቅሁ መዞር ጀመርኩ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ በእጅ የተጻፈ ኪታብ የሚቀመጥበት መስጊድ፣ አንድ መምህር የድሮ ፋኖስና የቀንድ ዋንጫ የሰበሰበበት የትምህርት ቤት መጋዘን፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ የመቶ ዓመት ባና አለ የተባለበት ቤት። በሄድኩበት ብስክሌቷን ዛፍ ላይ አስደግፋለሁ፣ መነጽሬን እጠርጋለሁ፣ አየዋለሁ፣ በደብተሬ እጽፈዋለሁ።

ወሬው በከተማው ተሰማ። በመካነ ሰላም አንዲት የቅርስ ክፍል ስትከፈት፣ ኃላፊነቱ የተሰጣት ወጣት የባህል ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጥታ ደብተሬን ተዋሰች። ከዚያም በየዕቃው ሥር የሚቀመጠውን ካርድ ጻፉልኝ አለች። ኮምፒዩተር እያላት የእጅ ጽሑፌን መረጠች። እነዚያን ካርዶች ለመጻፍ አዲስ እስክሪብቶ ገዛሁ። ዛሬም ገብቶ የሚያይ ሰው ካለ፣ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ትክክል ናቸው። ይህን የምጽፈው ስለ አንዱ ነው።

መጽሐፉ ያለበትን ቤተ ክርስቲያን ስም ልተወው። ከከተማው በብስክሌት የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት፣ ከዚያ የሚገድል ዳገት፣ ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ጥድ። ባለሙያዋ የዕቃ ቤቱን መጽሐፍ ገጽ ፎቶ አንስታ በክፍሏ ልትሰቅል ፈልጋ እኔን እንዳነብላት ጋበዘችኝ። እሷ በሞተር ሳይክል ተፈናጥጣ ሄደች፤ እኔ በብስክሌቴ ቀድሜያት ደረስኩ። ከጎህ በፊት ስለተነሳሁ ነው፤ ያንን ግን አልነገርኳትም።

የደብሩ ቄስ ወጣት ናቸው። የቀድሞው ቄስ ባረፉ በወሩ የተተኩ፣ ንባብ እንጂ አገባብ ገና ያልተማሩ፣ ትሑት ሰው። ዕቃ ቤቱን ከፍተው የደብሩን ቅዱስ ታሪክ የያዘ አንድ የብራና ገድል አወጡልን። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ነጠላቸው ሥር አዲስ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዘዋል።

«ይህን መጽሐፍ ያስጻፉት የእኚህ እናታችን ቅድመ አያት ናቸው ይባላል» አሉ ቄሱ። «የቤተሰቡ ሴቶች በየዓመቱ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ ራሳቸው ከፈተሉት ጥጥ ያሠሩትን አዲስ መሸፈኛ ለመጽሐፉ ያመጣሉ። የቅድመ አያቲቱም ስም በበዓሉ ቅዳሴ በመቅደስ ይታሰባል። ይታሰብ ነበር። ስሙን በቃል የሚያውቁት የቀድሞው ቄስ ነበሩ። እኔ ዛሬ ከእናታችን ልቀበለው ነው።»

መጽሐፉን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገለጡት። ከታች በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ መስመር አለ። መጀመሪያው ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ የመዳፍ ስፋት ያህል ቡናማ ሆኖ ተፋፍቋል።

«ይኼን ምንድን ነው ያበላሸው?» አልኩ።

«የተሳመ ነው» አሉ ቄሱ። «ስማቸው እዚያ ላይ ነው ተብሎ የቤተሰቡ ሴቶች በየበዓሉ ይስሙታል።»

መነጽሬን አደረግሁ። ባለሙያዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች፣ ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ጠበቀችኝ። ሁለት ሦስት የደብሩ ሽማግሌዎችም አንገታቸውን አስግገው ቆሙ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«‹ዝንቱ መጽሐፍ ዘአመትከ ወለ...›። ይህ መጽሐፍ የዓመትህ ነው፣ እና ለ... የጠፋው ‹ለበዓልህ› ነው የሚሆነው። ለዓመትህና ለበዓልህ ማለት ነው። የዓመት በዓል መጽሐፍ ነው። ያስጻፈ ሰው ስም የለበትም።»

ቄሱ ወደ ብራናው ጎንበስ አሉ። «ጋሼ፣ ግን እኮ አመት የሚለው በአልፋው አ ነው የተጻፈው። የዘመኑ ዓመት በዓይኑ ዐ አይደለም እንዴ?»

«ጸሐፊው ተሳስቶ ነው» አልኩ።

አላሰብኩበትም፤ አፌ ቀደመኝ። አማርኛ ሁለቱን ፊደሎች በአንድ ድምፅ ስለሚያነባቸው፣ እኔም በአማርኛ ጆሮዬ ስለተማርኩ፣ ልዩነት አላቸው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። «የድሮ ጸሐፊዎች ፊደል ይሳሳታሉ፣ ስንቱን አይቻለሁ» ብዬ ጨመርኩበት። ያየሁት የብራና መጽሐፍ እስከዚያ ቀን ሦስት ነበር።

«እርስዎ ካሉ» አሉ ቄሱ። ባለሙያዋ ጻፈች።

«ምን አሉ?» አሉ አሮጊቷ ከበሩ።

«የሰው ስም የለበትም ነው የሚሉት፣ እናቴ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

አሮጊቷ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። «ታዲያ እኛ ምን ስንስም ነው የኖርነው፣ አንቱ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። «እሱን አላውቅም» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን የሰው ዓይን በላዬ ነበር።

«ብራናውን ነዋ፣ እትዬ» አልኩ። «ብራናውን ስታበላሹ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ባለሙያዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ለስለስ አድርጋ ቅርስ በእርጥበት እንደሚጎዳ፣ ከእንግዲህ ባይሳም እንደሚሻል አስረዳች። አሮጊቷ አዳመጧት። ከዚያ ያመጡትን ጨርቅ እንደገና አጠፉት፣ መልሰው ነጠላቸው ሥር ከተቱት።

«ለኸይር ነው» አሉና ሄዱ። ቄሱም ስሙን አልጠየቋቸውም። የሌለ ስም ምን ብለው ይጠይቃሉ?

ስመለስ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ነው የወረድኩት። እያንጎራጎርኩ።

ፎቶው በቅርስ ክፍሏ ተሰቀለ፣ ሥሩም የእኔ ካርድ፦ «የዓመት በዓል መጽሐፍ ገጽ። የለጋሽ ስም የለውም። (ዓመት የሚለው ቃል በጸሐፊው ስሕተት በአልፋው አ ተጽፏል።)» ቅንፉ የእኔ ሐሳብ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ካርድ እወስደው ነበር። አንዴ አንድ የታሪክ መምህር አንብቦት «ጸሐፊውን ነው ያረሙት?» ብሎ ሲገረም፣ ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ስነግር ከረምኩ።

ቄሱን ከወራት በኋላ ገበያ አገኘኋቸው። በዓሉ እንዴት ነበር ስላቸው ደህና እንደነበር፣ እናታችን ግን እንዳልመጡ ነገሩኝ።

«አመማቸው?»

«እንጃ፣ ጋሼ። ቤት ሄጄ ብጠይቃቸው ደህና ነኝ አሉኝ።»

«እርጅና ነው» አልኩ። በሚቀጥለውም በዓል አልመጡም። ያንን ስሰማም እርጅና ነው አልኩ።

ከዚያ ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ሻማ ይዤ ከፊት ቆምኩ። ካህኑ በሕፃኗ ላይ ሲጸልዩ «ለአመትከ» አሉ። ልብ አላልኩትም። ትንሽ ቆይተው ደገሙት፣ ተከትሎም «ወለተ» ብለው የወጣላትን ስም ጠሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሉት ሻማው እጄ ላይ ቀለጠ።

ከሥርዓቱ በኋላ መርጌታውን ደጅ ላይ ያዝኳቸው። የዕድሜ እኩያዬ ናቸው፣ አንተ ነው የሚሉኝ።

«መርጌታ፣ ለሕፃን ዓመት እያሉ የሚጸልዩት የዕድሜ ምርቃት ነው?»

«የምን ዕድሜ?»

«አመትከ ይላሉ እኮ።»

መርጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። «አመት አገልጋይ ሴት ናት። ወንዱን ገብርከ፣ ሴቲቱን አመትከ፤ አገልጋይህ ማለት ነው። በዓይኑ ዐ ስትጽፋት ነው ዘመን የምትሆነው። በአልፋው አ ከሆነች ሴት ናት። የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። አንተ ካርድ የምትጽፍ ሊቅ፣ ይኼ እንዴት አመለጠህ?»

«ከአመትከ ቀጥሎ ‹ወለ› የሚል ቢኖርና ቀሪው ቢጠፋስ?»

«ወለተ ነዋ! ወለተ እገሊት። የክርስትና ስሟ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

እኔ «ወለ» የሚለውን «እና ለ» ብዬ ነበር ያነበብኩት። የሴትዮዋን ስም ለሁለት ሰንጥቄ፣ ግማሹን የበዓል ቀን አድርጌዋለሁ።

ቤት የድግሱ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ጓሮ ብስክሌቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ግን አሮጊቷን ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። ፍትሐቷ ሲደረግ ከራስጌዋ ቆሜ ይህንኑ ቃል ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን የመሰለኝ ዓመቷን የሚቆጥሩላት፣ የኖረችውን ዘመን የሚያነሱላት ነው። አገልጋይህ እያሉ በስሟ እየጠሯት ነበር። እኔ ዘመን ስቆጥር ነበር።

በማግሥቱ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። መጀመሪያ የፊት ጎማዋ ተንፍሷል አልኩ፤ የውስጥ ካላማዳሪያውን ስለጥፍ አንድ ቀን ዋልኩ፣ የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ ዝናብ አልኩ። ከዚያ ጉልበቴ አልኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ኩታበር ድረስ በእግሩ የገፋ ሰው ግማሽ ቀን መንገድ ለመሄድ ጉልበቱን አመካኘ።

በመጨረሻ ወደ ቅርስ ክፍሏ ሄድኩና መስታወቱን ክፈችልኝ አልኳት።

«ምን ሆነ፣ አባባ?»

«ፊደል ተሳስቻለሁ።»

«ታዲያ ለዚህ ነው እንዲህ የገረጡት? ትንሽ ነገር ናት፣ አዲስ ካርድ እንጽፋለን።»

«ትንሽ አይደለችም» አልኩና ነገርኳት። የራሷን ደብተር አውጥታ የዚያን ቀን የጻፈችውን ገጽ ፈልጋ አሳየችኝ። በእሷ ጽሑፍ «የሰው ስም የለበትም (አባባ)» ይላል። ካርዱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

በበነጋው ሄድኩ። በዓሉ ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር። የአሮጊቷ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዝርት እያሾሩ ነበር። ብስክሌቷን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«አንተ ነህ? ባለ ሳይክሉ?»

ባለፈው አንቱ ነበርኩ። አንተ ያሉኝ ንቀውኝ ይሁን አቅርበውኝ፣ እስካሁን አላውቅም።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እንዴት ከረሙ?»

«ደህና። ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?»

ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ አልፋውና ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ክርስትናው። ሳላስበው ነገሩን ማስተማር አደረግሁት፤ ጣቴን እያነሳሁ ሁሉ ነበር። እሳቸው እንዝርታቸውን ማሾር ቀጠሉ።

«አሁን ገባህ?» አሉ ስጨርስ።

«ያውቁት ነበር?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያረፉት ቄስ ሲጸልዩልኝ ግን ምን ብለው እንደሚጠሩኝ እሰማ ነበር። አመትከ ነበር የሚሉኝ። ዓመት ነኝ እንዴ እኔ?»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

«ያን ዕለት ያነበብከውን መች ሰማሁት።» ክሩን በጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። «የሰማሁት ስታበላሹ ያልከውን ነው። እናቴ እዚያ ላይ ስማለች፣ አያቴ ስማለች። አበላሽተው ነው እንዴ ያለፉት ብዬ ስንት ቀን አልተኛሁም።»

ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ ፊታቸው ቀደድኩት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ ምን እንደሆነም አላወቁም።

«ወረቀትህን ለምን ትጥላለህ ደጄ ላይ?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ለቀምኩት።

ቁርጥራጩን ኪሴ እየከተትኩ፣ «ያ የመጽሐፉ ልብስ የት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አለ። የኋላውንም ፈትል ጨምሬበት ለመግነዜ አዞርኩት። ምን ላድርገው? ስም የሌለው መጽሐፍ ምን ልብስ ያሻዋል?»

ከዚያ ሞኝነቴ አልቀረም፤ ደብተሬን አወጣሁ። «እትዬ፣ የቅድመ አያትዎን ስም ይንገሩኝ። በትክክል ልጻፈውና በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ።»

ሳቁ። ጥርስ የሌለው፣ ረጅም ሳቅ። «የክርስትና ስም ላንተ? አፈር ስሆን፣ ማነው ይኼን ሰው ያሳደገው! ለነፍስ አባቴ እንጂ ለማን ይነገራል? ደግሞ የሷ ብቻ አይደለም። በቤታችን የበኩር ሴት ልጅ በዚያ ስም ነው ክርስትና የምትነሳ። የኔም እሱ ነው። ስሞት ትሰማዋለህ፤ ያን ጊዜ በድምፅ ማጉያም ይሉታል።»

«እንግዲያው ለቄሱ ይንገሩልኝ። ለዚህ በዓል ይድረስ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ያን ዕለት ማን ፊት ነው የተናገርከው?»

«ሽማግሌዎቹ ፊት።»

«ይኼን ደግሞ እኔ ደጅ ላይ፣ ለኔ ብቻ ትነግረኛለህ? እነሱ እንደሰሙት ቀሩ እኮ። ውሃ ስቀዳ እንኳ ብራና አበላሾቹ ይሉኛል፣ እየቀለዱ ነው። በሰው ፊት እንዳልከው በሰው ፊት መልሰው። ያን ጊዜ ስሙን ለቄሱ እነግራለሁ። ካልሆነ አብሮኝ ይግባ።»

አብሮኝ ይግባ ሲሉ መቃብር ማለታቸው ነው። የነፍስ አባታቸው የነበሩት የቀድሞው ቄስ አርፈዋል፤ ከአሮጊቷ በኋላ ስሙን የሚያውቅ የለም። የበኩር ሴት ልጃቸው በልጅነቷ ሞታለች።

ያን ዳገት ስመለስ ብስክሌቷ ከብዳኝ አታውቅም እንደዚያ ቀን። እኔ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም። ወፍጮ አበላሽቼ እንኳ ቀበቶው ነው እላለሁ። ዐሥሩን ቀን ንግግር ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። በቃሌ ያጠናሁት ንግግር ብዙ መግቢያ ነበረው፤ እንዴት በጆንያ ላይ ፊደል እንደለየሁ፣ ግዕዝ እንዴት ከባድ ቋንቋ እንደሆነ፣ ሊቃውንትም ሳይቀሩ እንዴት በሁለቱ አ እንደሚሳሳቱ። ስሕተቴ መጨረሻ ላይ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ከመርጌታው ጋር እንኳ ተለማመድኩት። «መግቢያው ቆንጆ ነው፤ ጥፋቱ የት ጋ ነው?» አሉኝ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ጥዱ ሥር ተሰብስቧል። ቄሱ ነገሩን አስቀድሜ ስለነገርኳቸው ማይኩን ሰጡኝ። በወንዶች በኩል ያ የሳቀው ሽማግሌ አለ። በሴቶች በኩል፣ ግንድ ተደግፈው፣ አሮጊቷ ተቀምጠዋል። ምንም ነገር በእጃቸው አልያዙም።

«እኔን ማንም አላስተማረኝም» ብዬ ጀመርኩ። መግቢያዬ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። በድምፅ ማጉያው ተመልሶ ጆሮዬ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ሰማሁት፤ የሚቀጥለው ጠፋኝ። አንድ ሰው ሳለ።

«ማንም አላስተማረኝም። ሳላውቅ አነበብኩ። መጽሐፉ የሴት ስም አለበት። ‹ይህ መጽሐፍ የአገልጋይህ የወለተ...› ነው የሚለው። ጸሐፊው አልተሳሳተም፣ እኔ ነኝ። እናቶቻችን የሳሙት ስም ነው። አላበላሹም። አበላሹ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው።»

ከኋላ አንዱ «ሳይክሉንስ በትክክል ነው የሚነዳው?» አለና ሳቅ ሆነ። አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ማይኩን ለቄሱ መለስኩ።

አሮጊቷ ተነሱ። በሕዝቡ መካከል ቀስ ብለው መጡ፣ በአጠገቤ አለፉ፣ አላዩኝም። ቄሱ ጎንበስ አሉላቸው። አሮጊቷ በእጃቸው አፋቸውን ከልለው በጆሯቸው አንድ ነገር አሉ። ቄሱ መልሰው እንደመጠየቅ አደረጋቸው፣ እሳቸውም ደገሙት። እኔ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ጆሮዬ ደህና ነው፤ በዚህ ዕድሜ መርፌ ሲወድቅ እሰማለሁ። ያን ግን አልሰማሁም።

በበዓሉ ቅዳሴ ውጭ ከወንዶች ጋር ቆምኩ። ቄሱ በመቅደስ ስም ወደሚያነሱበት ሲደርሱ ድምፅ ማጉያው «አመትከ ወለተ» የሚለውን አወጣ። ከዚያ ቄሱ ወደ ታቦቱ ዞሩ መሰለኝ፣ ቀሪው ውስጥ ቀረ።

መጽሐፉ ሲወጣ አዲስ ነጭ ልብስ ለብሶ ነበር። ባለሙያዋና ቄሱ ተነጋግረው፣ ብራናው ሳይገለጥ በልብሱ ላይ እንዲሳም ተስማምተዋል። አሮጊቷ ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት። ሲመለሱ አጠገቤ ቆም አሉ።

«ከመግነዜ ነው የቆረጥኩት» አሉኝ። «እንግዲህ አጥሯል። እግሬ ውጭ ቢቀር ባንተ ነው።»

አዲሱን ካርድ ጽፌ በመስታወቱ ውስጥ አስቀመጥኩ፦ «ይህን መጽሐፍ ያስጻፈችው የቅዱሱ አገልጋይ ወለተ...» ይልና ከዚያ ባዶ ነው። ቦታው ለአንድ ስም ይበቃል። ጎብኚዎች ለምን አልተሞላም ብለው ይጠይቁኛል። አልተነገረኝም እላለሁ። ብዙዎቹ መጽሐፉ ላይ ጠፍቶ ነው ብለው ያልፉታል፤ እኔም አላርማቸውም።

አሁን በየዐሥራ አምስት ቀኑ ያንን መንገድ እሄዳለሁ። ቅርስ የማይ እመስላለሁ፣ ደብተርም እይዛለሁ። ያን ስም እንዳልሰማ እጸልያለሁ፤ የምሰማው እሳቸው ሲገነዙ ነውና፣ ያ ጨርቅም አጥሯል። ከእሳቸው ብቀድም ይሻለኛል። ከዳገቱ ጫፍ ሆኜ ደጃቸውን አያለሁ። ድንጋዩ ላይ እንዝርቱ ሲዞር ካየሁ አልወርድም። እሳቸው ግን ዓይናቸው ደህና ነው፣ ብስክሌቷን ከሩቅ ይለዩዋታል። እንዝርታቸውን ወደ ላይ ያነሱና ይጮሁብኛል።

«ገና ነኝ! ሂድ ወደ ቤትህ!»

ብስክሌቷን አዙሬ እገፋለሁ።